የምክር ዓምድ፦ በዩሮ ተቀብዬ በዶላር ስከፍል ትርፌ ምንዛሪ ላይ ቀረ

«ሰላም። ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አለኝ። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ በዩሮ ነው፤ የሚሠሩልኝ ልጆች ግን ሁሉም ሌላ አገር ያሉ ኮንትራክተሮች ናቸው። ፕሮግራመሩ በወር 4,000 ዶላር ይከፈለዋል። ፖላንድ ያለችው ዲዛይነር 12,000 ዝሎቲ፣ ግብፅ ያለው ቴስተር ደግሞ 40,000 የግብፅ ፓውንድ። አሁን የያዝነው ሥራ የ9 ወር ነው፤ ዋጋው 90,000 ዩሮ ተብሎ ተቆርጧል። 3 ወር ሄደናል፣ 6 ወር ይቀራል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ደንበኛውም በሰዓቱ ይከፍላል። ግን ስንፈርም አንድ ዩሮ 1.15 ዶላር ይገዛ ነበር፤ አሁን 1.08 ሆኗል። ከሁሉም ወጪ በኋላ በወር ይተርፈኝ የነበረው 800 ዩሮ ገደማ ነው፣ እሱም እየሟሟ ነው። ጓደኛዬ ‹ዶላር ገና ይጨምራል፣ ያለሽን ገንዘብ ሁሉ ዶላር ግዢበት› ይለኛል። አንድ የምንዛሪ ደላላ ደግሞ እየደወለ ‹ምንም የማትከፍይበት ጥበቃ› የሚለውን ውል ፈርሚ ይለኛል። ወይስ ኮንትራክተሮቼን ከዛሬ ጀምሮ በዩሮ ብቻ ነው የምከፍለው ልበላቸው? ግራ ገባኝ።»

እህቴ፣ ሥራሽ አልከሰረም። ደንበኛ አለሽ፣ ሠራተኛ አለሽ፣ ክፍያውም በሰዓቱ ይገባል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋ ስትቆርጪ ተመኑ ቢለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም አልተወሰነም። ያልተወሰነ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወይ አንቺ ላይ ይወድቃል፣ ወይ ከሁላችሁም አቅሙ ያነሰው ሰው ላይ። አንቺ ጋ ሁለቱም ሆኗል፤ የዶላሩን አንቺ ተሸክመሻል፣ የፓውንዱን ቴስተሩ ተሸክሟል። የሱን በኋላ እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ያላነሳሽው የሱን ችግር ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ብዙ ሰው የምንዛሪ ለውጥን የሚለካው በመቶኛ ነው፤ 1.15 የነበረው 1.08 ሲሆን «ስድስት በመቶ ነው፣ ምን አላት» ይላል። አንቺ ግን መለካት ያለብሽ ከትርፍሽ አንጻር ነው። 4,000 ዶላር በ1.15 ሲመነዘር 3,478 ዩሮ ነው። በ1.08 ሲሆን 3,704። ልዩነቱ 226 ዩሮ። ከ800 ዩሮ ትርፍ ላይ 226 ሄደ ማለት ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። የምንዛሪው ለውጥ ትንሽ ነው፣ ትርፍሽ ግን ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ትልቅ ሆነ።

አሁን ደግሞ የከፋውን እናስብ፣ ማሰቡ አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አንድ ዩሮ 1.13 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ወደ 0.96 ወርዷል። ዩሮ ከዶላር በታች የሆነው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነበር፣ ብዙ ሰውም አልጠበቀውም። በ0.96 የፕሮግራመሩ ክፍያ 4,167 ዩሮ ይሆናል። ሲፈረም ከነበረው በ689 ዩሮ ይበልጣል፤ ከ800ው 111 ዩሮ ይቀርሻል ማለት ነው። ያ ይመጣል እያልኩሽ አይደለም። ዩሮ ተመልሶ ሊጠነክርም ይችላል፣ እኔም አንቺም ጓደኛሽም አናውቅም። ግን ቢመጣ በሕይወት እንደምትቆዪ ማወቅ አለብሽ፣ አሁን ደግሞ የምትቆዪው በጠርዝ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ይሄ ነው። አንድ ኤክሴል ክፈቺና በቀሩት 6 ወራት በየገንዘቡ ስንት እንደሚገባና ስንት እንደሚወጣ በየወሩ ጻፊ። ዶላር፦ የሚገባ ዜሮ፣ የሚወጣ 24,000። ዝሎቲ፦ የሚወጣ 72,000። ፓውንድ፦ የሚወጣ 240,000። አየሽ፣ ዶላሩ ነው ትልቁ። የግብፁ በዩሮ ሲሰላ ትንሽ ስለሆነ አንቺን የሚጥልሽ እሱ አይደለም። ዝሎቲው ግን ዝም ስላለ አትርሺው። ዝሎቲ በዜና አይወራም፤ ሆኖም በ2023 መጀመሪያ አንድ ዩሮ 4.70 ዝሎቲ ገደማ የነበረው በዓመቱ ወደ 4.35 አካባቢ ሄዷል። የዲዛይነርሽ 12,000 ዝሎቲ በዚያ መንገድ ከ2,553 ወደ 2,759 ዩሮ ይሆናል፣ ማንም ሳያስተውለው በወር 200 ዩሮ። ቀስ እያለ የሚመጣው ነው ሳይታወቅ የሚበላሽ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። «ዶላር ግዢበት» የሚለው ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹ ቁማር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የምትገዢው ዶላር የምትከፍይበት ቀንና ኢንቮይስ አለው ወይ? ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት የፕሮግራመር ክፍያ የሚሆን 8,000 ዶላር አሁን ገዝተሽ በዶላር አካውንት ብታስቀምጪ፣ ያ ጥንቃቄ ነው። ዶላር ቢጨምርም ቢቀንስም ክፍያሽ ታውቋል። የድርጅቱን ገንዘብ ሁሉ፣ የግብሩንና የመጠባበቂያውን ጨምረሽ ዶላር ላይ ካዋልሽው ግን የሶፍትዌር ሥራሽን ትተሽ የምንዛሪ ነጋዴ ሆንሽ ማለት ነው። ዩሮ የምትከፍይበት ወጪም አለሽ እኮ! ዶላሩ ሲቀንስ መልሰሽ ልትሸጪው ነው፣ በኪሳራ። ተይው።

ከሁለት ወር ያለፈውን ደግሞ በፎርዋርድ ውል መያዝ ትችያለሽ። ፎርዋርድ ማለት ወደፊት በታወቀ ቀን የታወቀ መጠን ዶላር በዛሬ በተስማማችሁበት ተመን ለመግዛት መፈረም ነው። ባንኮች ይሸጡታል፤ ፈቃድ ያላቸው የክፍያ ድርጅቶችም አሉ፣ ለትናንሽ ድርጅቶች የሚያስተናግዱ። ተመኑ ከዛሬው ትንሽ ይለያል። ሰዎች ይሄን ሲያዩ ባንኩ ዶላር ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ይመስላቸዋል፣ አላወቀም። የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው። የዶላር ወለድ ከዩሮው በዓመት በ2 በመቶ ቢበልጥ ዛሬ 1.08 የሆነው ለስድስት ወር ፎርዋርድ ወደ 1.09 ይጠጋል፣ ከዚያ ላይ የባንኩ ትርፍ ይቀነሳል። አንቺ ዩሮ ይዘሽ ዶላር ስለምትገዢ እዚህ ላይ ወለዱ ያግዝሻል።

ግን ሙሉውን 24,000 እንዳትሸፍኚ። ፎርዋርድ ግዴታ ነው። ደንበኛሽ ነገ ሥራውን ቢያቋርጥ፣ ወይ ፕሮግራመሩ ቢለቅ፣ አንቺ ዶላሩን መግዛትሽ አይቀርም። ዶላሩም በጣም ቢወርድ ሻጩ «ተጨማሪ መያዣ አስገቢ» ሊልሽ ይችላል፣ ጥሬ ገንዘብ በሌለሽ ሰዓት። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ስለ መያዣው በግልጽ ጠይቂ፤ መልሱ ካልገባሽ አትፈርሚ። እኔ አንቺን ብሆን ከ24,000ው 8,000ውን አሁን ገዝቼ አስቀምጣለሁ፣ ሌላ 8,000 ገደማ በፎርዋርድ እይዛለሁ፣ የቀረውን ክፍት እተወዋለሁ። ዩሮ ቢጠነክር በክፍቱ ትጠቀሚያለሽ፣ ቢደክም ሁለት ሦስተኛው ተይዟል። ይሄ አከፋፈል ሕግ አይደለም፣ የኔ ግምት ነው፤ የደንበኛሽን አስተማማኝነት ከኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ደላላውን በተመለከተ ግን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። «ምንም የማትከፍይበት ጥበቃ» የሚባል ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ውል ሁለት ኦፕሽን (በተወሰነ ተመን የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል) ነው፤ አንዱን ትገዣለሽ፣ በዋጋው ፈንታ ደግሞ ሌላውን አንቺ ትሸጫለሽ። የሸጥሽው ነው አደጋው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በደቡብ ኮሪያ ብዙ ትናንሽና መካከለኛ ላኪዎች ኪኮ የሚባል ውል ከባንኮች ጋር ፈረሙ። የሀገሩ ገንዘብ ዎን በተወሰነ ክልል ውስጥ እስከቆየ ድረስ ውሉ ይጠቅማቸው ነበር። በ2008 ቀውስ ዎን በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ግን ዶላራቸውን በድሮው ርካሽ ተመን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጥፍ መጠን፣ የመሸጥ ግዴታ ተነሳባቸው። ሥራቸው ጤነኛ የነበረ ድርጅቶች በዚህ ምክንያት ተንኮታኩተዋል። እነሱም የፈለጉት ጥበቃ ነበር እኮ። ውሉ ውስጥ «ከዚህ ተመን ካለፈ» የሚል ሐረግና እጥፍ የሚል ቁጥር ካየሽ ስልኩን ዝጊው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ መንገድ አለ። ከደንበኞችሽ መሐል በዶላር ሊከፍልሽ የሚችል አለ? ካለ የዶላሩን ገቢ በዶላር አካውንት አስቀምጪና ለፕሮግራመሩ ከዚያው ክፈይ። ዶላር የሚከፍልሽ ደንበኛ ኖሮሽ ገንዘቡ ሲገባ ባንኩ ወደ ዩሮ ቀይሮት ለፕሮግራመሩ ስትልኪ እንደገና ወደ ዶላር ከተቀየረ ሁለት ጊዜ ተላጨሽ ማለት ነው። ይሄን ስህተት ብዙ ድርጅት ላይ አይቻለሁ፣ አካውንቱን በአንድ ገንዘብ ብቻ ስለከፈቱት ብቻ።

አንድ ነገር ሳልጨምር አልለፍ። የማስተላለፊያ ክፍያና ባንኩ ከመካከለኛው ተመን (በመግዣውና በመሸጫው መሐል ካለው) ላይ የሚቆርጠው ልዩነት ከምንዛሪ አደጋ ጋር እንዳይምታታብሽ። ያ በየወሩ የሚታወቅ ወጪ ነው። ገንዘብ የላክሽበትን ሰዓት ተመን በኢንተርኔት አይተሽ ባንኩ ካሰላልሽ ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ 2 ወይም 3 በመቶ ከሆነ ስለ ፎርዋርድ ከማሰብሽ በፊት ባንክ ቀይሪ። ስትልኪም የመሐል ባንኮችን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን አረጋግጪ፤ አለበለዚያ 4,000 ልከሽ 3,975 ደርሶ ልጁ «ጎደለ» ይልሻል።

አሁን ወደ ውሉ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በዩሮ ብቻ» ማለት ችግሩን አያጠፋውም፣ ከአንቺ አንስቶ ፕሮግራመሩ ላይ ይጭነዋል። እሱ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ወይ ለአደጋው ብሎ ዋጋ ይጨምርብሻል፣ ወይ ዩሮ ሲደክም ሌላ ሥራ ያገኛል። በሥራው መሐል ፕሮግራመር መቀየር ደግሞ ከ226 ዩሮ በላይ ያስወጣሻል። መካፈል ይሻላል። ለምሳሌ በሚቀጥለው ውል እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ፦

«ክፍያው በወር 4,000 ዶላር ነው። መነሻው 1 ዩሮ = 1.08 ዶላር፣ ማለትም 3,704 ዩሮ ነው። በየሦስት ወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ባወጣው ተመን የ4,000 ዶላር ዋጋ በዩሮ ይሰላል። ከመነሻው እስከ 5 በመቶ ድረስ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ለውጡ የቀጣሪዋ ነው። ከ5 በመቶ ያለፈው ልዩነት ለሁለት እኩል ይካፈላል።»

እስቲ በ0.96 እንሞክረው። 4,000 ዶላር 4,167 ዩሮ ሆኗል፣ ከመነሻው በ463 በልጧል። የመጀመሪያው 5 በመቶ 185 ዩሮ ነው፣ እሱ የአንቺ። የቀረው 278 ለሁለት ይካፈላል፣ ለእያንዳንዳችሁ 139። አንቺ 4,028 ዩሮ ትከፍያለሽ፤ እሱ ደግሞ 3,867 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። 133 ዶላር ቀረበት፣ ግን በድንገት አይደለም፣ በተስማማበት መንገድ ነው። ዩሮ ሲጠነክር ደግሞ በዚያው ስሌት ከ4,000 በላይ ያገኛል። ይሄ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ አንቀጽ እንዳይሆን ተጠንቀቂ፣ አለበለዚያ መካፈል አይባልም።

ተመኑ ከየት እንደሚወሰድ፣ በየትኛው ቀን እንደሚወሰድ በስም መጻፍ አለበት። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በየሥራ ቀኑ ከሰዓት በኋላ የማጣቀሻ ተመን ያወጣል፤ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል፣ ስለዚህ አያጣላም። በዚያ ተመን ግን ማንም አይመነዝርልሽም፣ ለስሌት ብቻ ነው።

ኦፊሴላዊና ትይዩ (የጥቁር ገበያ) ተመን ያለበት አገር ከሆነ ደግሞ ይሄ አንቀጽ ሞት ሽረት ነው። ናይጄሪያን ተመልከቺ። እስከ ጁን 2023 አጋማሽ ድረስ ኦፊሴላዊው ተመን ለአንድ ዶላር 470 ናይራ ገደማ ነበር፣ በትይዩው ገበያ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ማዕከላዊ ባንኩ ተመኖቹን ሲያዋሕድ ናይራ ወረደ፣ በ2024 መጀመሪያ ወራት አንድ ዶላር ከ1,500 ናይራ አልፎ ነበር። አርጀንቲና በዲሴምበር 2023 ፔሶዋን በአንድ ቀን አወረደች፤ ለአንድ ዶላር 366 ገደማ የነበረው 800 ሆነ። በውልሽ ላይ «በዕለቱ ተመን» ብቻ ካልሽ በእንዲህ ያለ ቀን የትኛው ተመን ነው? በምን ሰዓት? ከዚያ በኋላ ክርክር ነው የሚተርፋችሁ።

ይሄ ወደ ቴስተሩ ይመልሰናል። በፓውንድ ስለምትከፍይው ምንዛሪው አያሳስብሽም፤ ፓውንድ ሲወድቅ እንዲያውም ይረክስልሻል። እሱ ጋ ግን ምን እንደሚሆን አስቢ። ማርች 6 ቀን 2024 የግብፅ ማዕከላዊ ባንክ የፓውንዱ ተመን በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው፣ ለአንድ ዶላር 31 ገደማ የነበረው በአንድ ቀን ወደ 50 ተጠጋ። 40,000 ፓውንድ የሚቀበል ሰው ጠዋት ሲነሳ ደሞዙ 1,290 ዶላር ነበር፣ ማታ 800። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ፣ ላፕቶፑም መድኃኒቱም፣ በዶላር ነው የሚተመነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ከአንቺ በብዙ የሚያንስ አቅም ያለው ሰው ብቻውን እንዲሸከም መተው ልክ አይመስለኝም። በሥራ ዓይንም ካየነው ጎበዝ ከሆነ በሳምንቱ በዶላር የሚከፍለው ይወስደዋል።

ታዲያ ሙሉውን በዩሮ ይሁን? እሱን ጠይቂው እንጂ አትወስኚለት። ኪራዩና አስቤዛው በፓውንድ ነው፤ ፓውንድ ሲጠነክር ዩሮው ሊያንስበት ይችላል። ግማሹን በፓውንድ፣ ግማሹን በዩሮ ማድረግ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። አንቺ ጋ በወር 350 ዩሮ ገደማ ነው የሚነካው፣ ገቢሽም ዩሮ ስለሆነ ለአንቺ አዲስ አደጋ አያመጣም። አንድ ነገር ግን አጣሩ፤ በእሱ አገር ሕግ የውጭ ገንዘብ በአካውንቱ መያዝ ይችላል ወይስ ባንኩ ሲገባ በግድ ይመነዝርበታል? በግድ የሚመነዘር ከሆነ በምን ተመን? ይሄ ከአገር አገር ይለያያል፣ ሕጉም ይቀያየራል። በሰው እጅና በማይታወቅ መንገድ ላኪ ቢልሽ ግን እንዳትሞክሪው። ለግብር የሚሆን ወረቀት አይኖርሽም፣ እሱም በአንቺ ምክንያት በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

ለፕሮግራመሩ ዛሬውኑ ጻፊለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ሰላም፣ ለቀሩት 6 ወራት ክፍያህ 4,000 ዶላር ሆኖ ይቀጥላል፣ አልነካውም። ለሚቀጥለው ውል ግን ምንዛሪው በጣም ሲለወጥ ሁለታችን የምንካፈልበት አንቀጽ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ ረቂቁን አያይዣለሁ። የማትስማማበት ካለ ቁጥሩን አብረን እንየው።» የፈረምሽውን ውል በመሐል ለማሻሻል አትሞክሪ። ዋጋውን ሲስማማ አንቺን አምኖ ነው፣ ያ ደግሞ ከምንዛሪ ልዩነቱ ይበልጥብሻል።

ለቀጣዩ ደንበኛ የዋጋ ማቅረቢያ ስትልኪ ደግሞ ሁለት መስመር ጨምሪበት። አንዱ «ይህ ዋጋ ለ30 ቀን ይጸናል» የሚል ነው፤ ደንበኛ ዋጋ ተቀብሎ አራት ወር ቆይቶ ሲፈርም የዚያን አራት ወር ምንዛሪ በነጻ ይዘሽለት ነበር ማለት ነው። ሌላው የወጪሽ ትልቅ ክፍል በዶላር መሆኑን ተናግሮ ተመኑ ከመነሻው ከ5 በመቶ በላይ ከተለወጠ የቀረው ክፍያ እንደሚስተካከል የሚገልጽ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ እምቢ ይላል። እምቢ ካለ ዋጋሽ ላይ ፎርዋርዱ የሚያስወጣሽን ጨምሪና ጥርት ያለ ቋሚ ዋጋ ስጪው፤ ያኔ ሸክሙን ወስደሽለታል፣ ግን ተከፍሎሽ ነው። ክፍያውንም ከቻልሽ በየወሩ ቀድሞ እንዲገባ አድርጊ፣ ገንዘቡ በገባበት ቀን የዚያን ወር ዶላር ትገዢና ተመኑን ለማየት በየማለዳው ስልክ መክፈት ይቀርልሻል።